ጦስኝ ለጭርት፣ ቲ ትሪ ለእግር፤ ለልጁ ራስስ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ሦስት የወተት ላሞች አሉን። የሰባት ዓመት ልጄ ራሱ ላይ ሁለት ቦታ ጸጉሩ ረግፎ አመድ የነሰነሱበት መስሏል፤ አንደኛው ደግሞ ከሰሞኑ አብጦ እያዠ ነው። እኔ ክንዴ ላይ ክብ ጭርት ወጥቶብኛል። ባለቤቴ ጠዋትና ማታ ቦት ጫማ አድርጎ ስለሚያልብ የእግሩ ጣቶች መሃል ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ይሸታል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍርም ወፍሮ ቢጫ ሆኗል። ክኒን ጉበት ይጎዳል ስላሉኝ የጦስኝ ዘይትና ቲ ትሪ ኦይል ገዛሁ። ጎረቤቴ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ እንዳጥባቸው መከረችኝ። የትኛውን ለማን ልቀባ? ፈንገስ ይገድላሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ጥጃችንም ዓይኗ ዙሪያ ተመሳሳይ ነገር ወጥቶባታል፤ እሷንም ልቀባት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ልጁ። አብጦ የሚያዠው ቦታ ላይ ምንም ዓይነት ዘይት አይንካው። «መግል ይዟል» ብሎ በመርፌ ወይም በምላጭ የሚከፍትም እንዳይኖር። ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የቀረውን ሲመለሱ ያነቡታል። ምክንያቱን ታች እመጣበታለሁ።

ፈንገስ ይገድላሉ ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይገድላሉ። ነጭ ጋውን ለብሶ መድኃኒት ቤት የሚውል ሰው እንዲህ ሲል ለአንዳንዱ ይገርም ይሆናል፤ ግን ተማሪ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁትን አልክድም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈንገስ የዘራንበት ሳህን ላይ በጦስኝ ዘይት የተነከረች፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ወረቀት አስቀመጥን። ከቀናት በኋላ ሳህኑ ጥጥ የተባዘተበት መስሎ ሲሸፈን፣ በወረቀቷ ዙሪያ ግን ምንም ያልበቀለበት ንጹሕ ክብ ቀርቶ ነበር። የባሕር ዛፉ ወረቀት ዙሪያም ክብ ነበረ፤ ከጦስኙ ግን በጣም ይጠብ ነበር።

የጦስኝ ጉልበት ካርቫክሮልና ታይሞል ከሚባሉ ሁለት ነገሮች ይመጣል። ታይሞል ነጭ አዝሙድ ውስጥም ሞልቷል፤ ሁለቱን በጣትዎ አሽተው ቢያሸቷቸው የሚቀራረቡት ለዚህ ነው። ቅርንፉድ ዩጂኖል አለው፤ ጠጅ ሳር ሲትራል፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ቲ ትሪ ደግሞ ተርፒነን-4-ኦል የሚባል። ሁሉም ስብ ውስጥ መሟሟት የሚወዱ ናቸው። የፈንገሱ ሕዋስ የተጠቀለለበት ስስ ሽፋን ስብ ያለበት በመሆኑ እዚያ ውስጥ ሰርገው ይገቡና ያላሉታል፤ ውስጡ ያለው ይንጠፈጠፋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ክሎትሪማዞልም የሚያነጣጥረው ያንኑ ሽፋን ነው፤ ነገር ግን እሱ ፈንገሱ ሽፋኑን የሚሠራበትን ኤርጎስቴሮል እንዳያመርት ያግደዋል። አንዱ ግድግዳውን ይነድላል፣ ሌላው ጭቃውን ይከለክላል ይበሉት።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ያ ሳህን ጸጉር የለውም፣ ጥፍር የለውም፣ ቦት ጫማ አያደርግም። ሰው አንድ ዘይት ይዞልኝ ሲመጣ ይገድላል ወይ ብዬ አልጨነቅም። የሚያሳስበኝ ፈንገሱ ከተደበቀበት ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ በኋላ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። እነዚህ ዘይቶች ተናኝ ናቸው። ባለቤትዎን ማታ ቀብተውት ቤቱን የሚያውደው ሽታ እኮ ከእግሩ ላይ ተነስቶ እየሄደ ያለው መድኃኒት ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ አራት ቦታ ነው፤ የጣት መሃል፣ ጥፍር፣ ክንድ፣ የልጅ ራስ። ለአራቱም የተለያየ መልስ አለኝ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን የገዙትን ጠርሙስ እንየው። ገበያችን ውስጥ «የጦስኝ ዘይት» በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንደኛው ልክ አረቄ እንደሚወጣው ነው የሚወጣው፤ ቅጠሉ በእንፋሎት ይታጠናል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ ይቀዘቅዛል፣ ከውሃው በላይ የሚንሳፈፈው ጥቂት ዘይት ይቀዳል። ኢሴንሻል ኦይል ማለት ይህ ነው። ከአንድ ኩንታል ቅጠል የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በርካሽ ሊሸጥ አይችልም። ሁለተኛው የደረቀ ጦስኝ የሰሊጥ ወይም የምግብ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ የተጠለለ ነው። ማታለል ነው አልልም፣ ለወጥም ለሰላጣም ይሆናል፤ ግን ከላይ ካልኩት ነገር ውስጡ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቀባት ጠላንና አረቄን በአንድ ብርጭቆ ልክ እንደመጠጣት ነው።

መለየቱ አይከብድም። ከልጁ ደብተር ነጭ ወረቀት ይቅደዱና ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ፣ ከጎኑ ደግሞ ከወጥ ቤት አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ያንጠብጥቡ። ወረቀቱን እስከ ማግስቱ ይተዉትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት። የምግብ ዘይቱ ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት መስኮት ሆኖ ይቆያል። እውነተኛው ተናኝ ዘይት አብዛኛው በኖ ሄዷል፤ ቢቀር ፈዘዝ ያለ ዳርቻ ብቻ ነው። ሁለቱም ቦታ እኩል ቅባት ሆኖ ካገኙት የገዙት የሁለተኛውን ዓይነት ነው። ይህ ሙከራ ዘይት የተቀላቀለበትን ብቻ ነው የሚያጋልጠው፤ ውስጡ ያለው በእርግጥ ጦስኝ ይሁን አይሁን አይነግርዎትም። በቲ ትሪው ላይ ደግሞ የተክሉን ሙሉ ስም፣ ሜላሉካ አልተርኒፎሊያ የሚለውን ይፈልጉ። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ መስታወት ካልሆነ፣ ወይም መስኮት ላይ ለወራት ከቆየ አይጠቀሙበት። ቲ ትሪ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ የተበላሸው ደግሞ ከትኩሱ ይልቅ ቆዳን የሚያስቆጣ ነው።

ስለ ጦስኝ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ደጋው ላይ የሚበቅለውና ሳይንሱ ጢሞስ ሺምፔሪ የሚለው ዝርያ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር የለም። እንደበቀለበት ቦታ የዘይቱ ይዘት ይለያያል፤ የአንዱ ተራራ ካርቫክሮል ይበዛዋል፣ የሌላው ታይሞል፣ የሌላው ከሁለቱም ሌላ ነገር። ስለዚህ «ጎረቤቴን አዳናት» የተባለው ጠርሙስና የእርስዎ ጠርሙስ መንታ ላይሆኑ ይችላሉ። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማና መድኃኒትነት ባላቸው ተክሎች ላይ ዓመታት የሠራ ነው፤ እኔ እንደ ባለሙያ የምመኘው ያ እውቀት ይዘቱ ተለክቶ በተጻፈበት ጠርሙስ እስከ ገበያ እንዲደርስ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እግር። ዘይት ከየትም በላይ ተስፋ ያለው እዚህ ነው፤ ፈንገሱ ያለው ላይኛው ቆዳ ላይ ስለሆነ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ 10 በመቶ ቲ ትሪ ያለበት ክሬም ተሞክሮ ማሳከኩንና መላጡን ቀነሰ፤ ፈንገሱን በማጥፋት ግን መድኃኒት ከሌለበት ክሬም አልተሻለም። እግሩ ያልዳነ ሰው የዳነ መሰለው ማለት ነው። ይህ በጣም ሊያስጠነቅቀን ይገባል፤ ማሳከኩ ሲቀር ሰው መቀባቱን ይተዋል፣ ከወር በኋላ «ተመለሰብኝ» ብሎ ይመጣል። ሳይሄድ ምኑ ይመለሳል? በ2002 ደግሞ ከበድ ባለ መጠን ተሞከረ፣ በ25 እና በ50 በመቶ። በ50 በመቶው ከተቀቡት 64 በመቶ የሚሆኑት ፈንገሱ ጠፋላቸው፤ ባዶውን ፈሳሽ ከተቀቡት ግን 31 በመቶ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ከተቀቡት ጥቂቶቹ ቆዳቸው ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር።

ቆዳ መቆጣት ምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርዎ። ተማሪ ሆኜ የእግር ፈንገስ ያዘኝና በጉብዝናዬ ተማምኜ የቅርንፉድ ዘይት ሳላቀጥን ጣቶቼ መሃል አንጠበጠብኩ። የመጀመሪያው ደቂቃ ቀዝቀዝ ሲል ደስ አለኝ። ሌሊቱን በባልዲ ውሃ ውስጥ እግሬን ነክሬ ነው ያሳለፍኩት። ጠዋት ቆዳው እንደተቀቀለ ድንች ይላጥ ነበር፤ ፈንገሱ ሲታከም አንድ ሳምንት የሚፈጅ የነበረው እግር በወሩ ነው ካልሲ የቻለው። ያልቀጠነ ጦስኝም፣ ያልቀጠነ ቀረፋም ከዚህ አይሻልም።

ስለዚህ ለባለቤትዎ የምመክረው የተርቢናፊን ክሬም ነው። ለጣት መሃል በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካጡ ክሎትሪማዞል ጠዋትና ማታ እስከ አራት ሳምንት። ዋጋው ከገዙት ቲ ትሪ የሚበልጥ አይመስለኝም። ግድ የለም ቲ ትሪውን ልሞክር ካሉ ደግሞ አልጣላዎትም፤ አንድ እጅ ቲ ትሪ በሦስት እጅ ዘይት ያቅጥኑና መጀመሪያ የክንዱ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጥቂት ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካልቀላና ካላሳከከ እግሩን ጠዋትና ማታ፣ ለአራት ሳምንት። ቆዳው ተሰንጥቆ የሚያዥ ወይም የሚደማ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ያቃጥለዋል። የስኳር ሕመም ካለበትም በጭራሽ፤ ያኔ እግሩን ሐኪም ነው የሚያየው። መቅላቱ ወደ እግሩ ጀርባ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣም እንደዚሁ።

ማናቸውንም ቢቀባ ግን ያ ቦት ጫማ እርጥብ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። መድኃኒት ቤቴ ያለው ከእንጦጦ ማዶ ወደ እናንተ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ የአላቢ እግር በደንብ አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ቦት ጫማ አይደርቅም። ጠዋት በማለዳ ትናንት የረጠበው ውስጥ እግር ይገባል፣ ማታም እንደዚያው። ሁለት ጥንድ ይኑረው፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው ተገልብጦ፣ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ገለባ ተጎስጉሶበት ምድጃው አካባቢ ይዋል። ካልሲው የጥጥ ይሁን፣ በየዕለቱ ይቀየር። ከታጠበ በኋላ የጣቶቹን መሃል ለእግሩ ብቻ በተለየ ጨርቅ ያድርቅ። አንዲት ብልሃት ደግሞ አለች፤ ሲለብስ ከሙታንታ በፊት ካልሲውን ያድርግ። ይስቅ ይሆናል። ሙታንታው በባዶ እግሩ ላይ ሲያልፍ ፈንገሱን ጭኑ መሃል ይዞት ይወጣል፤ ብሽሽት ላይ የሚወጣው ጭርት ብዙ ጊዜ የመጣው ከእግር ነው።

የአውራ ጣቱ ጥፍር ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት 117 ሰዎች የጥፍር ፈንገሳቸውን ስድስት ወር ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ገሚሱ ንጹሕ ቲ ትሪ፣ ገሚሱ ክሎትሪማዞል። በላቦራቶሪ ሲታይ ፈንገሱ የጠፋላቸው ከቲ ትሪዎቹ 18 በመቶ፣ ከክሎትሪማዞሎቹ 11 በመቶ ነበሩ። ሻጮች ይህን «ከመድኃኒት እኩል ይሠራል» ብለው ይጠቅሱታል። እኩልነቱ እውነት ነው፤ ግን ሁለት ደካሞች ሲታገሉ አለመሸናነፋቸው ነው። ክሎትሪማዞልም ወፍራም ጥፍር ሰንጥቆ አይገባም። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፤ የሚያድነው ብዙ ጊዜ ለሦስት ወር የሚዋጥ ተርቢናፊን ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የጥፍሩ ፍቅፋቂ በማይክሮስኮፕ ይታይ። በጠባብ ጫማ ብዛት፣ ላም ረግጣው፣ ወይም በሌላ የቆዳ በሽታ የወፈረ ጥፍር ብዙ አለና በሌለ ፈንገስ ሦስት ወር ክኒን እንዳይውጥ።

የእርስዎ ክንድ ቀላሉ ነው። ክሎትሪማዞል ጠዋትና ማታ፣ ከክቡ ጠርዝ ሁለት ጣት ወጣ እያደረጉ፣ ከጠፋም በኋላ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ። ጦስኝ አያስፈልግዎትም። እኔን የሚያስፈራኝ ዘይቱ ሳይሆን ሰው መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦት የሚገኘው ሌላው ቅባት ነው፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተጻፈበት፣ ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት። ጭርት ላይ ሲቀባ በሁለት ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፣ መቅላቱ ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ጠባቂው እንደተኛለት ሌባ ከሥር ይስፋፋል። ከወራት በኋላ ክቡ ቅርጹ ጠፍቶ፣ ቆዳው ሳስቶ፣ ሐኪሙም የማያውቀው ነገር ሆኖ ይመጣል። «ፊት ያጠራል» ተብሎ የተገዛ ክሬም ቤት ውስጥ ካለ ስሙን ያንብቡት።

ጎረቤትዎ በባሕር ዛፍ እጠቢያቸው ማለቷ ክፋት የለውም፤ የሚጠቅም ግን አይመስለኝም። የባሕር ዛፍ ዘይት አብዛኛው ሲኒዮል የሚባል ነው፤ ለጉንፋን እንፋሎቱ አፍንጫ ይከፍታል፣ በፈንገስ ላይ ግን ከጦስኝ ጋር አይወዳደርም። ቅጠሉን ሲያፈሉት ደግሞ ያ ያለው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ቡናማ ውሃ ነው። ታጥበው በደንብ ካልደረቁ እግሩን ጭራሽ ያረጥቡታል። በጠርሙስ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ጨዋታ አይደለም። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር ቢውጥ አእምሮውን ሊያስትና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ሁሉንም ጠርሙሶች ልጁ የማይደርስበት ቦታ ይቆልፉባቸው።

ከጓሮ ቅጠሎች ሁሉ እጅዎን እንዲሰበስቡ የምለምንዎ ጤና አዳም ነው። ቡናዎ ውስጥ ያድርጉት፣ ቆዳዎ ላይ አይሹት። በውስጡ ያለው ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል። አንድ ቀን አንዲት እናት አንገታቸው ላይ በብሩሽ የተቀባ የሚመስል ቀይ መስመር ይዘው መጡ፤ ዳር ዳሩ ውሃ ቋጥሯል። ለቋቁቻ ብለው ጤና አዳም በሎሚ ጨቅጭቀው ቀብተው እህል ሲያሰጡ ፀሐይ ላይ ውለዋል። ሎሚውም እንደ ጤና አዳሙ ያው ጠባይ አለው። «ልጄ፣ በሽታው ነው የተቆጣ ወይስ እኔ ነኝ ያስቆጣሁት?» አሉኝ። ቁስሉ በሳምንት ዳነ፤ ቡናማው መስመር ግን ለወራት አልለቀቃቸውም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰርም እንዲሁ ቆዳ ያቃጥላል፤ የልጅ ቆዳ ላይማ በሰዓታት ውስጥ።

ቋቁቻን ካነሳሁ አይቀር፣ አልጠየቁኝም ግን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ቋቁቻና ፎሮፎር የሚያመጣው ማላሴዥያ የሚባለው ፈንገስ ስብ ይበላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማብቀል ሲፈለግ ሳህኑ ላይ የወይራ ዘይት ይፈስለታል፤ ያለዚያ እምቢ ይላል። እንግዲህ ጦስኝ የተዘፈዘፈበትን የምግብ ዘይት ቋቁቻ ላይ መቀባት ለፈንገሱ ምሳ ማቅረብ ነው። ፎሮፎር ያለበት ራስ ላይ ቅቤ መጫንም ያው ነው። ብራዚል ውስጥ የጠጅ ሳር ዘይትን ለቋቁቻ ሞክረው በ2013 ባወጡት ውጤት ከአስር ሰው ስድስቱ ድነዋል፤ በኬቶኮናዞል የታከሙት ግን ከስምንት በላይ። እኔ ኬቶኮናዞል ሻምፖውን እመርጣለሁ።

ልጁ። ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ከክንድ ጭርት የሚለየው ፈንገሱ ቆዳው ላይ ብቻ አለመቀመጡ ነው፤ በጸጉሩ ቀዳዳ ወርዶ ጸጉሩን ራሱን ከሥሩ ይወርረዋል። ማንኛውም ቅባት፣ ጦስኝም ይሁን ተርቢናፊን ክሬም፣ እዚያ ጥልቀት አይደርስም። ከላይ ያጸዳል፣ ከሥር ያድራል። የሚደርሰው በደም በኩል፣ ጸጉሩ ገና ሲሠራ የሚገባበት መድኃኒት ብቻ ነው። ለዚህ ነው የራስ ፈንገስ በዓለም ዙሪያ በሚዋጥ መድኃኒት የሚታከመው፤ ግሪሲዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን፣ መጠኑ በክብደቱ ተለክቶ። እኛ አገር በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮሌሲየም የሚባለው ዝርያ ጸጉሩን ከቆዳው እኩል ስለሚሰብረው ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ነው የሚታየው። ያበጠውና የሚያዠው ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ከእንስሳ የመጣ ፈንገስ የሰው ሰውነት ስለማያውቀው በኃይል ይዋጋዋል፤ ቦታው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ መግል ይወጣዋል፣ ጸጉሩ ሲነካ ይነቀላል፣ አንገት ሥር እጢ ያብጣል። እባጭ ነው ብሎ መቅደድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መቅደዱ አይጠቅመውም፤ መዘግየቱ ደግሞ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳ ላይ ጸጉር ዳግም አይበቅልም። ዛሬ ውሰዱት ያልኩት ለዚህ ነው። ስለ ጥጃዋም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ላይጠይቅዎት ይችላል።

ክኒን ጉበት ይጎዳል ያሉዎት ፈጽሞ ዋሽተው አይደለም። አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት የጉበት ሕመም ካለ ለሐኪሙ ይነገራል፣ በመሃል ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱ ቆሞ ወዲያው ይታያል። ለጤነኛ ልጅ ለጥቂት ሳምንታት ሲሰጥ ግን ከጠባሳው ይልቅ መድኃኒቱን አልፈራም። የታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተዋጠ ሆድ ውስጥ በደንብ አይመጠጥም። ወተት ከቤታችሁ አይጠፋም፤ ከነስልባቦቱ ይስጡት። ሰባት ዓመት ሞላው ብለው ጾም አስጀምረውት ከሆነ ደግሞ አቮካዶ ወይም የለውዝ ቅቤ። ሳምንታቱን ሳያጓድሉ ይጨርስ። ከጎኑ ኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ አያድነውም፣ ግን ወደ ሌሎች ልጆች የሚረግፈውን ዘር ይቀንሳል። ማበጠሪያውና ኮፍያው የብቻው ይሁን፤ ጸጉር ቤት ከሄደ ማሽኑ በደንብ መጽዳቱን ቆመው ይዩ። እህት ወንድም ካለው የእነሱንም ራስ ፀሐይ ላይ ገለጥ ገለጥ አድርገው ይፈትሹ።

በመጨረሻ ጥጃዋ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ባትጠቅሷት ኖሮ መልሴ ግማሽ ይሆን ነበር። ዓይን ዙሪያ፣ ጆሮና አንገት ላይ የሚወጣው ግራጫ ቅርፊት ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም በሚባል ፈንገስ የሚመጣ የጥጆች ጭርት ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ ሰው ይተላለፋል። የእርስዎ ክንድና የልጁ ራስ ከእሷ የመጡ ይመስለኛል፤ የባለቤትዎ እግር ግን የቦት ጫማው ሥራ ነው። ዓይኗ አጠገብ ቲ ትሪም ጦስኝም አይቀቧት፤ ዓይኗን ያቃጥላታል፣ ሌሎቹም እየላሱ ይውጡታል፣ ወተትም ሽታ ይስባል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። የእንስሳት ሐኪም ካገኙ የሚቀባ ይሰጥዎታል፤ እስከዚያ ከሌሎቹ ለይተው ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ይሰሯት፣ ሲነኳት ጓንት ያድርጉ። የረገፈው ቅርፊት ውስጥ ያለው ዘር በረቱ እንጨትና ገመዱ ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እበቱን ፍቀው ካጠቡ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገው አጥሩን፣ ግርግሙን፣ የምትታከክበትን ምሰሶ ይለቅልቁት፤ እንስሶቹ ውጭ ሳሉ። አሮጌውን ማሰሪያ ገመድ ያቃጥሉት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጁ ጥጃዋን አቅፎ፣ ራሱን አንገቷ ላይ አስደግፎ መቆም ይወዳል? ከሆነ አይቆጡት፣ ሁለቱም እስኪድኑ ድረስ ግን ገለባ መስጠቱን ብቻ፣ ያውም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ።